የሕፃናት ከባድ ወባ፦ በጋቦን ላምባሬኔ የተካሄደው ምርምርና ፍሬው

ከባድ ወባ የያዘው ሕፃን ሆስፒታል ሲደርስ በሕክምና ባለሙያው ፊት የሚደቀነው የመጀመሪያው ጥያቄ የበሽታው ስም አይደለም። ወባ በሚበዛበት አገር ስሙን እናቲቱም ታውቀዋለች። ጥያቄው፣ በዚያች ሌሊት ከመጡት ትኩሳት ካለባቸው ብዙ ሕፃናት መካከል ቀድሞ ካልታከመ እስከ ንጋት የማይቆየው የትኛው ነው የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በአፍሪካ ከተገኙት ጠቃሚ መልሶች አንዱ የመጣው ከመካከለኛው አፍሪካ፣ በጋቦን ውስጥ በኦጎዌ ወንዝ ላይ ከምትገኘው ላምባሬኔ ከተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፍራውና ተቋሙ

ላምባሬኔ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ደቡብ ርቃ በጥቅጥቅ ደን መካከል ትገኛለች። ስሟ በዓለም የታወቀው በዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ምክንያት ነው። የአልዛስ ተወላጅ፣ የነገረ መለኮት ምሁርና የኦርጋን ተጫዋች የነበሩት እኒህ ሐኪም ከባለቤታቸው ከሄለኔ ጋር በ1913 ወደ ስፍራው ሄደው የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን ቀድሞ የዶሮ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ተቀበሉ። ለ1952 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲመረጡ በገንዘቡ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር አሠሩበት። በ1965 እዚያው ላምባሬኔ አርፈው ተቀበሩ። ስለ ሽቫይትዘር እጅግ ብዙ ተጽፏል፤ አፍሪካውያንን ሞግዚት እንደሚያስፈልጋቸው ልጆች የማየት ዝንባሌያቸውም ተገቢ ትችት ደርሶበታል።

ለሕክምና ሳይንስ ይበልጥ የጠቀመው ሥራ ግን የተጀመረው እርሳቸው ካረፉ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በ1981 አዲሱ ሆስፒታል ሲከፈት በግቢው ውስጥ አነስተኛ የምርምር ላቦራቶሪ ተቋቋመ። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን አገር ከሚገኘው የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በፕሮፌሰር ፔተር ክሬምስነር አማካይነት የተመሠረተው ትብብር ላቦራቶሪውን ወደ ክሊኒካዊ ምርምር አሳደገው። በ2011 ደግሞ የላምባሬኔ የሕክምና ምርምር ማዕከል በሚል ስም ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ፤ በፈረንሳይኛው ምህጻረ ቃል ሰርሜል ተብሎ ይታወቃል።

በዚያ አካባቢ ወባ ዓመቱን ሙሉ ይተላለፋል። በኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች እንደሚታየው ክረምቱ ሲያበቃ አይሎ በበጋ የሚረግብ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ጉልህ ድርሻ ያለው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስም በዚያ እምብዛም አይገኝም። ሕሙማኑ ላይ የሚታየው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሣ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ በመሆኑም ብዙ አዋቂዎች ተሕዋሱን በደማቸው ይዘው ሥራቸውን ሲሠሩ ይውላሉ። ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእናቱ የወረሳቸው ፀረ እንግዳ አካላትና የፅንስ ሄሞግሎቢን ይከላከሉለታል። እነዚህ ተሟጠው የራሱ አቅም እስኪገነባ ባለው ክፍተት፣ ማለትም ከግማሽ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ፣ ለከባድ ወባ ይጋለጣል።

ሦስቱ ምልክቶች

ፋልሲፓረም ከሌሎቹ የወባ ዓይነቶች ይልቅ ገዳይ የሆነበት ዋና ምክንያት የወረራቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ መሆናቸው ነው። ይህ በአንጎል ውስጥ ሲሆን ሕፃኑ ራሱን ይስታል። በሌላውም የሰውነት ክፍል የደም ዝውውር ሲስተጓጎልና ኦክስጂን ሲያጥር ላክቲክ አሲድ ይከማቻል፤ ሰውነት ይህን ለማካካስ ስለሚጥር ሕፃኑ አየር ቧንቧው ሳይዘጋ፣ ሳንባውም ሳይታመም በጥልቀት ይተነፍሳል። ሕዋሳቱ ሲፈነዱ ደግሞ ደም ማነስ ይከተላል፤ የሄሞግሎቢን መጠን በዴሲሊትር ከ5 ግራም በታች ሲወርድ ከባድ ደም ማነስ ይባላል። የደም ስኳር መውረድም በብዙዎቹ ሕፃናት ላይ የሚታይ ሲሆን በወቅቱ ካልተደረሰበት አንጎልን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ ወባን ለመለየት ያወጣው መመዘኛ እነዚህንና ሌሎችንም ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ነው። የላክቴት፣ የባይካርቦኔት፣ የቢሊሩቢንና የክሪያቲኒን መጠን ማወቅን ስለሚጨምር፣ ሌሊት ላቦራቶሪው በተቆለፈበትና አንዲት ነርስ ሙሉ የሕፃናት ክፍል በምትጠብቅበት ሆስፒታል ከሞላ ጎደል ወረቀት ላይ የሚቀር ነው።

በዚህ ችግር ላይ ለመሥራት በአፍሪካ ሕፃናት ከባድ ወባ ላይ የሚያጠና የምርምር ትስስር ተመሠረተ። ከጋቦን ላምባሬኔና ሊብረቪል፣ ከጋና ኩማሲ፣ ከጋምቢያ ባንጁል፣ ከማላዊ ብላንታየር፣ ከኬንያ ኪሊፊ ተካፈሉበት። በስድስቱም ማዕከላት ከ2000 መጨረሻ እስከ 2005 ድረስ በደማቸው ፋልሲፓረም ተገኝቶ ሆስፒታል የገቡ ከ23,000 በላይ ሕፃናት በአንድ ዓይነት ቅጽ ተመዝግበዋል። በእያንዳንዱ ሕፃን ላይ ብዙ ምልክቶችና የላቦራቶሪ ውጤቶች ተሰበሰቡ፤ ከዚያም ሞትን አስቀድመው የሚያመለክቱት የትኞቹ እንደሆኑ ተመረመረ።

በ2009 የታተመው ውጤት ሦስት ምልክቶችን ብቻ አስቀረ። የመጀመሪያው ራስን መሳት ነው፤ ይህም በብላንታየር መለኪያ የሚታወቅ ሲሆን መለኪያው የሕፃኑ ዓይን እንቅስቃሴን መከተሉን፣ ለሕመም የሚሰጠውን ምላሽና ድምፁን በማየት ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 2 እና ከዚያ በታች ራሱን እንደሳተ ይቆጠራል። ሁለተኛው መዛል ነው፤ ቀድሞ መቀመጥ የሚችል ሕፃን ያለ ድጋፍ መቀመጥ ሲያቅተው፣ ለመቀመጥ ያልደረሰው ደግሞ ጡት መጥባት ሲሳነው ማለት ነው። ሦስተኛው ጥልቅ አተነፋፈስ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ተሰጥቶ ድምሩ ከ0 እስከ 3 ይሆናል። አንዱንም ያላሳዩት ሕፃናት የሞቱት በጣም ጥቂት ሲሆኑ፣ ሦስቱንም ያሳዩት ላይ የነበረው አደጋ ከእነዚያ ጋር ሊነጻጸር በማይችል ደረጃ የላቀ ነበር። መለኪያው የላምባሬኔ የአካላት ጉድለት ነጥብ ተብሎ በከተማዋ ስም ተሰየመ።

በዝርዝሩ ውስጥ ደም ማነስ አለመግባቱ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ከባድ ደም ማነስ ደም መስጠትን የሚጠይቅ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አተነፋፈሱ ያልተለወጠና ንቁ የሆነ ደም ያነሰው ሕፃን በአብዛኛው ይተርፋል፤ ደም ማነሱ ከጥልቅ አተነፋፈስ ጋር ሲጣመር ግን አደጋው ይለወጣል። በ1995 ከኪሊፊ የታተመ ጥናትም የንቃተ ኅሊና መቀነስና የአተነፋፈስ ችግር አብዛኞቹን ሟቾች እንደሚያመለክቱ አሳይቶ ነበር። የላምባሬኔው መለኪያ አዲስ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ሐኪሞች በልምድ የሚያውቁትን ለጀማሪ ነርስ ሊሰጥ በሚችል ቁጥር መግለጹ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ዓይንና ጆሮ፣ ከዚያም ሕፃኑን ቀና አድርጎ ለማስቀመጥ መሞከር ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ሊዘነጋ አይገባም። መለኪያው የሚናገረው ስለ አደጋው መጠን እንጂ ስለ መንስኤው አይደለም። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚተላለፍበት ስፍራ በደም ናሙና ላይ ተሕዋሱ መታየቱ ብቻውን ሕመሙ ከወባ ነው ለማለት አያበቃም፤ ጤነኛ ልጅም ይዞት ሊገኝ ይችላልና። በብላንታየር የአንጎል ወባ ገደላቸው ተብለው ከተመዘገቡት መካከል አስከሬናቸው በተመረመረ 31 ሕፃናት ላይ በ2004 የታተመው ጥናት፣ 7ቱ የሞቱት በሌላ ምክንያት እንደነበር አረጋግጧል። ስለዚህ ራሱን ለሳተ ሕፃን የማጅራት ገትርና የደም መመረዝ ሕክምና ሳይዘገይ እንዲታሰብ፣ የደም ስኳሩም ወዲያውኑ እንዲለካ ግድ ይላል።

መድኃኒቱ

ለረጅም ዘመን የከባድ ወባ መድኃኒት ኩዊኒን ነበር። ኩዊኒን የሚሠራው በአብዛኛው ባደገው የተሕዋሱ ዕድሜ ላይ ሲሆን የደም ስኳርንም ያወርዳል። አርቴሱኔት በበኩሉ ገና ለጋ የሆነውን፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያልተለጠፈውን ተሕዋስ ጭምር ይገድላል። ይህ ልዩነት በሕይወት ሲለካ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው በ2010 ነው። ከእነርሱም መካከል ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና ሩዋንዳ በሚገኙባቸው ዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናት በዕጣ ተመድበው ታከሙ። ኩዊኒን ከተሰጣቸው 10.9 በመቶው ሲሞቱ አርቴሱኔት ከተሰጣቸው የሞቱት 8.5 በመቶ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ከባድ ወባ ሕክምና አርቴሱኔት እንዲቀድም መከረ።

ላምባሬኔና ባልደረቦቿ የሆኑት ማዕከላት የተከተሉት ጥያቄ ከዚህ ይበልጥ ወደ ሕሙማን ክፍል የቀረበ ነው። በመመሪያው መሠረት አርቴሱኔት በመጀመሪያ፣ በ12ኛው ሰዓትና በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያም ሕፃኑ በአፉ መውሰድ እስኪችል በየቀኑ ይሰጣል። የ12ኛው ሰዓት መርፌ ብዙ ጊዜ የሚውለው ሌሊት ላይ ነው፤ የሚረሳውም እርሱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በኪሎ ግራም 4 ሚሊ ግራም በየ24 ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢሰጥስ ብለው ከ1,000 በላይ ሕፃናትን አጠኑ። በ2016 በታተመው ውጤት ተሕዋሱን ከደም በማጽዳት ረገድ በጡንቻ የሚሰጠው የሦስት ጊዜ መርፌ ከአምስት ጊዜው የማያንስ ሆኖ ተገኘ። በደም ሥር ለተሰጠው የሦስት ጊዜ መርፌ ግን ያው ማረጋገጫ ሊገኝ አልቻለም። መመሪያው በዚህ ጥናት ምክንያት አልተለወጠም፤ ባለሙያዎች ሊሠሩበት የሚገባው ዛሬም በሥራ ላይ ባለው መመሪያ ነው።

ይኸው ጥናት ሌላም ነገር በግልጽ አሳየ። ከታከሙት ሕፃናት ጥቂት በማይባሉት ላይ ወባው ከጠፋ በኋላ ደም ማነስ ተከሰተ። ከአርቴሱኔት በኋላ ተሕዋሱ ተነቅሎ የወጣላቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ዕድሜያቸው ያጠረ ስለሚሆን ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊፈርሱ ይችላሉ። ሕፃኑ ድኖ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ቢገረጣ ወይም ሽንቱ ቢጠቁር እናቲቱ እንድትመለስ መነገር ይኖርበታል። መድኃኒቱን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ቀጠሮ ለመስጠት ግን በቂ ምክንያት ነው።

ከወባ ሌላ

በሐሩር አካባቢ የሚኖር ልጅ አንድ ተሕዋስ ብቻ ይዞ አይገኝም። በላምባሬኔ አካባቢ ወባ፣ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያና የአንጀት ትላትል በአንድ ልጅ ላይ መገናኘታቸው የተለመደ ነው። በዚህ ረገድ በ2000 የታተመው ጥናት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከ500 በላይ ተማሪዎች ሲመረመሩ ቢልሃርዚያ ያለባቸው ልጆች ቆዳ በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያሳየው የአለርጂ ምላሽ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ልጆቹ ተደጋጋሚ የትላትል ሕክምና ሲሰጣቸውም ምላሹ ጨመረ። ከዚህ ተነሥቶ ቢልሃርዚያን ማከም አያስፈልግም የሚል ቢኖር ስህተት ነው፤ በሽታው ፊኛንና ኩላሊትን የሚጎዳ ነውና።

በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ በበረታበት በ2014 እና በ2015 ደግሞ ላምባሬኔ ከሃምቡርግ፣ ከጄኔቫና ከኪሊፊ ጋር በመሆን የኢቦላ ክትባትን የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ አካሄደች። ጋቦን ራሷ በ1990ዎቹና በ2001 የኢቦላ ወረርሽኝ የደረሰባት አገር ናት። በላምባሬኔ ከተከተቡት መካከል ከ6 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 40 ልጆች ነበሩ፤ በእነርሱም የክትባቱ ቫይረስ በምራቅና በሽንት ውስጥ ተገኝቷል። ክትባቱ በ2019 በአውሮፓና በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል።

ክትባቱ

በላምባሬኔ ከተደረጉት ምርምሮች ሁሉ ረጅሙ አርቲኤስ ኤስ የተባለውን የወባ ክትባት የሚመለከተው ነው። ክትባቱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ ትንኟ ስትነክስ ወደ ደም የምታስገባው ስፖሮዞይት የተባለው የተሕዋሱ ቅርጽ በላዩ የሚይዘውን ፕሮቲን ክፋይ ከሄፓታይተስ ቢ ፕሮቲን ጋር በማጣመር የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ተሕዋሱ ጉበት ከመድረሱ በፊት እንዲያዝ ማድረግ ነው። ለዚህ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ጥቂት ስፖሮዞይቶች ካመለጡ ሕመሙ ይመጣል። ክትባቱ ሙሉ በሙሉ የማይከላከልበት ምክንያት ከዚህ ሊገመት ይችላል። የክትባቱ ዒላማ ፋልሲፓረም ብቻ በመሆኑ ቫይቫክስን አይከላከልም፤ ሁለቱም በሚገኙባት ኢትዮጵያ ይህ ለወላጆች በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነጥብ ነው።

በላምባሬኔ በመጀመሪያ 180 ሕፃናት በተካፈሉበት ጥናት የክትባቱን ኃይል የሚያጎለብቱ ሁለት ረዳት ንጥረ ነገሮች ተነጻጸሩ። ከዚያም ከ2009 እስከ 2014 የመጨረሻው ታላቅ ሙከራ ተካሄደ። በቡርኪና ፋሶ፣ በጋቦን፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ በሚገኙ 11 ማዕከላት 15,459 ሕፃናት ተመዘገቡ። በማነጻጸሪያው ቡድን የገቡት ከ5 እስከ 17 ወር የሆናቸው ሕፃናት ባዶ መርፌ አልተሰጣቸውም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተሰጣቸው እንጂ። ወላጆች ልጃቸው የትኛው እንደደረሰው ሳያውቁ ለዓመታት በቀጠሯቸው ተመላልሰዋል።

በ2015 የታተመው የመጨረሻ ውጤት፣ ከ5 እስከ 17 ወር ሆኗቸው አራት ጊዜ በተከተቡት ሕፃናት ላይ በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ የወባ ሕመም በ36 በመቶ፣ ከባድ ወባ በ32 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ክትባቱን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ላይ የጀመሩት ያገኙት ጥበቃ ያነሰ ነበር። የኩፍኝ ክትባት በሚለካበት ሚዛን ለለመደ ሰው 36 በመቶ አነስተኛ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕፃን በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በሚታመምበት ስፍራ፣ በከተማው ሁሉ ሲደመር ስንት ሌሊት በሆስፒታል ወንበር ላይ ከማደር እንደሚያድን ማሰብ ይገባል።

ሙከራው ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ ሞትን የሚመለከት ነው። ምክንያቱም ከሙከራው መልካምነት የመነጨ ነው። ሕፃናቱ በሙሉ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሲታመሙም ወዲያው በሠለጠኑ ባለሙያዎች ይታከሙ ስለነበር በሁለቱም ወገን በወባ የሞተው እጅግ ጥቂት ሆነ። በሌላ በኩል በተከተቡት ላይ የማጅራት ገትርና የአንጎል ወባ ቁጥር ከፍ ብሎ መታየቱ፣ በሴት ሕፃናት ሞት ላይ የታየውም ልዩነት ጥርጣሬ አሳደረ። ስለዚህ ከ2019 ጀምሮ በማላዊ፣ በጋናና በኬንያ ክትባቱ በመደበኛው የጤና አገልግሎት በኩል ተሰጥቶ ውጤቱ ተጠና። የተጠረጠሩት ጉዳቶች አልተረጋገጡም፤ ለክትባቱ በደረሰ ዕድሜ ላይ ባሉ ሕፃናት መካከልም የሞት መጠን በ13 በመቶ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱ በስፋት እንዲሰጥ ጥቅምት 6 ቀን 2021 መከረ፤ አር 21 የተባለውን ሁለተኛ ክትባት ደግሞ በ2023 ጨመረ።

ከሙከራ አገሮቹ ውጭ ክትባቱን በመደበኛ መርሐ ግብር በመስጠት የመጀመሪያዋ የሆነችው በጥር 2024 የጋቦን ጎረቤት ካሜሩን ናት። ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2023፣ ገና እጥረት የነበረበት 18 ሚሊዮን ክትባት ለ12 አገሮች ሲደለደል ካሜሩን፣ ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና ብሩንዲ ድርሻ አግኝተዋል። ጋቦን በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ክትባቱን ለድሃ አገሮች የሚገዛው ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት ድጋፍ የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ ገቢ ከተወሰነ መጠን በታች ለሆኑ አገሮች ነው፤ ጋቦን ደግሞ በነዳጅ ዘይቷ ምክንያት ከዚያ መስመር በላይ ትመደባለች። የነፍስ ወከፍ ገቢ አማካይ ቁጥር ነው፤ በኦጎዌ ዳርቻ ካለ መንደር በጀልባ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ሕፃን ቤተሰብ ምን ያህል እንዳለው አይናገርም። መንግሥት ክትባቱን ለማዳረስ ቢወስን ወጪው በአብዛኛው የሚወድቀው በራሱ በጀት ላይ ነው።

ከ2009 ጀምሮ በላምባሬኔ እጃቸውንና ጭናቸውን ለመርፌ የሰጡት ሕፃናት ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ሕፃናት ታቅፈው ወደዚያው የክትባት ክፍል ይመጣሉ።